ጆቴ ቁጭ ብሎ ያየው ዜና

ነቀምት ውስጥ ጆቴን የማያውቅ የለም፤ እራት ሲበላ ያየው ግን የለም። ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ የቴሌቪዥኑን ማሰራጫ የሚከፍተው፣ የሚዘጋው፣ ሲያስቸግር ተሳድቦ የሚያስተካክለው እሱ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሠርግ ላይ ይሁን ለቅሶ ቤት፣ ብድግ! «ማሎ፣ እባክህ ትንሽ ቆይ እንጂ!» ቢሉት ማን ሰምቶ! ቢቆይማ አገር ምድሩ ቀበሌ አዳራሽ ተሰብስቦ ባዶ መስታወት ላይ ሊያፈጥ ነው።

ይህ ሰው ደመቀችን ወደደ፤ እሷም አልጠላችውም። አባቷ ጋሼ ገብረኪዳን ከጉራጌ አገር መጥተው ባኬ ጃማ ሰፈር የጨርቅ ሱቅ ከከፈቱ ቆይተዋል፤ ኦሮምኛውን ከአገሬው አሳምረው ይናገሩታል። ጆቴ አቶ ኩማን ሽማግሌ አድርጎ ላከባቸው። ጋሼ ገብረኪዳን ሰምተው ሰምተው፣ «ልጁ ጨዋ ነው፣ ምንም አይወጣለትም» አሉ። «ግን ሲመሽ የማይገኝ ባል ምን ያደርግላታል? ልጄን ብረት ላገባ ሰው አልድርም!»

ጆቴ ይህን ሰምቶ፣ ያን ማታም ብረቱን ሊከፍት ኮረብታውን ወጣ።

ታዲያ እግዜር ሲያመጣው አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ ትልቅ ሳጥን ጭኖ መጣ። አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ማሰራጫውን በራሱ ይከፍታል፤ አንዱ ማሰራጫ ሲበላሽ ደግሞ መጠባበቂያውን ያስነሳል። ጆቴ ሳጥኑን ዞሮ አየና ወደ ባለሙያው ተመለሰ።

«እኔስ ጓድ? ተባረርኩ ማለት ነው?»

«ኧረ የለም! ቀን ቀን መጥተህ ታጸዳለህ፣ የተቃጠለ ትቀይራለህ። ማታ ቤትህ ግባ።»

ማታ ቤትህ ግባ! ጆቴ ሰውየውን አቅፎ ሊስመው ምንም አልቀረው። በዚያው አቶ ኩማን እንደገና ሊልክ ወደ ቤታቸው ገሰገሰ።

ጋሼ ገብረኪዳን ግን ነጋዴ ናቸው፤ ዕቃውን ሳያገላብጡ ዋጋ አይቆርጡም። «ቅዳሜ እራት እኔ ቤት ይምጣ» ብለው መለሱ። «ዜናው እስኪያልቅ ከወንበሩ ካልተነሳ ልጄን ይውሰድ። ከተነሳ ግን ሁለተኛ ሽማግሌ እንዳትልኩብኝ።»

ቅዳሜ ጆቴ ኮቱን ለብሶ ከአቶ ኩማ ጋር ሄደ። ክትፎው ቀረበ። ሰዓቱ ሲቃረብ እግሩ ተነስ ተነስ አለው፤ ደመቀች ደግሞ ጓዳው በር ላይ ሆና እግሩን እግሩን ታያለች። ወዲያው ቴሌቪዥኑ ብልጭ አለ። ተከፈተ! ጆቴ ዓመታት ሙሉ ለሰው ሲከፍት የኖረውን ዜና ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ሲያይ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

ዜና አንባቢው የመኸሩን ምርት እያወራ ሳለ ምስሉ ድንገት ጠፋ። መስታወቱ ሽሽሽ እያለ በነጭ ብናኝ ተሞላ። ከማዶ ካለው ቀበሌ አዳራሽ ጩኸቱ ቀለጠ፤ «ጆቴ! ኧረ ጆቴ!»

ጆቴ ወንበሩን በሁለት እጁ ጨበጠ። ብልሽቱን ያውቀዋል። የቱን ቁልፍ እንደሚጫን፣ ጎኑን የቱ ጋ እንደሚመታው ያውቃል። ወገቡ ሊነሳ ነው! ደመቀች የውሃውን ጆግ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ጋሼ ገብረኪዳን ማኘካቸውን ትተው እሱን ብቻ ያያሉ።

«ጆቴ! የት ገባህ?» ይላል ሕዝቡ።

ምስሉ በራሱ ተመለሰ፤ መጠባበቂያው ተነስቷል። ዜና አንባቢው ምንም እንዳልተፈጠረ መኸሩን ቀጠለ። ከማዶ ጭብጨባው አስተጋባ፤ «ጆቴ ተባረክ! እጅህ ይባረክ!»

ጋሼ ገብረኪዳን ሳቃቸው አመለጣቸው። «በል ወንበሩን ልቀቀው፣ አይሸሽህም» አሉት። «ደመቀች፣ ለባልሽ ውሃ ቅጂለት።»

አቶ ኩማ ምርቃታቸውን አዥጎደጎዱት። ጆቴ ሊያመሰግን አፉን ሲከፍት እንባ ቀደመው። ሁሉም የደስታ ነው አሉ። የደስታም ነበር፤ ግን ማሰራጫው ያለ እሱ መኖርን እንዲህ ቶሎ ይለምዳል ብሎ ጨርሶ አልጠረጠረም ነበር።