የተሸፈነ ሹሩባ

የደባርቅ ሴቶች ስለ ደብሪቱ ሲያወሩ «እጇ ሥራ ከፈታ ምላሷ ይሠራል» ይላሉ፤ ሐሜት ነው እንዳይባል እውነት ነው። ባሏን ፈትታ ልጆቿን ይዛ ከዳባት ከመጣች ጀምሮ የምትኖረው ሹሩባ እየሠራች ነው። ሙሽራዋም፣ አራሷም፣ የፖሊሱ ሚስትም እግሯ ሥር ቁጭ ብለዋል።

ከሁሉ አብልጣ የምትወደው የሩቅያን ጸጉር ነበር። ሩቅያ የሸማኔው የሰይድ ሚስት ናት። በየአሥራ አምስት ቀኑ ትመጣለች፤ በሩ ይዘጋል፣ ሻሹ ይወርዳል፣ ደብሪቱም ሚዶዋን ይዛ ግማሽ ቀን ትጠበብበታለች። ሲያልቅ ሩቅያ መልሳ ትሸፍነዋለች። ይሄኔ ደብሪቱ እርር ትላለች።

«ለማን ብዬ ነው እንዲህ የምደክመው? ማን ሊያየው?»

«ሰይድ ያየዋል፤ አንቺም አይተሽዋል» ትላለች ሩቅያ እየሳቀች።

የሩቅያ አማት እትዬ ሐዋ ግን ይህ ነገር አይዋጥላቸውም። «ክርስቲያን ሴት ፊት አትገለጪ፤ ሄዳ ለወንድ ትናገራለች» ይላሉ። ሩቅያ «ደብሪቱ እህቴ ናት» እያለች ስድስት ዓመት ሙሉ ተሟግታላታለች። ደብሪቱም ይህን ታውቃለች፤ ትኮራበታለችም።

በሰባ አራት ዓመተ ምህረት፣ ሚያዝያ ላይ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ላቀው ስብሰባ ጠራ። ለላብ አደሮች ቀን ሴቶች ሁሉ ሻሻቸውን አውልቀው ቆብ አድርገው ይሰለፉ አለ። ሙስሊሞቹ ሴቶች ቆቡን በሻሻችን ላይ እናድርገው ብለው ለመኑ።

«መሸፋፈን ፊውዳሉ ያወረሰን ኋላ ቀር ልማድ ነው» አለ ላቀው። «ደግሞስ ምን ይደብቃሉ? ራሰ በራ ቢሆኑ ነው እንጂ።»

ወንዶቹ አሽካኩ። የደብሪቱ ደም ፈላ። ስለ ሩቅያም ስለ እጇ ሥራም ተናደደች፤ መቀመጥ አቃታት፤ ተነሣች።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ የማያውቁትን አይናገሩ። የሩቅያን ጸጉር የምሠራው እኔ ነኝ። ወገቧ ድረስ ይወርዳል፤ ጫፉ ቀላ ይላል፤ ማጅራቷ ላይ ደግሞ ማርያም የሳመቻት ምልክት አለች። ይህን የመሰለ ጸጉር ካለ ያሳዩኝ።»

ደብሪቱ የረታች መስሏት ተቀመጠች። ወዲያው እትዬ ሐዋ ነጠላቸውን ሰብስበው ሲወጡ አየች። ያኔ አፏን በእጇ ያዘች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ ጎረምሶች ሸማውን ለሚሸጠው ለሰይድ የሚስቱን ማጅራት እየነገሩት ይስቁ ነበር። ቆቡ ደግሞ ከጎንደር ሳይመጣ ቀረ፤ ሴቱ ሁሉ በየሻሹ ተሰለፈ።

ሩቅያ በአሥራ አምስት ቀኗ አልመጣችም። በሃያውም አልመጣች። ደብሪቱ የሌላ ሴት ጸጉር እየሠራች በር በሩን ታያለች፤ የጎነጎነችውን መልሳ ትፈታለች፤ ባለጸጉሯ ታማርራለች። እንዲህ እያለች ወር ሞላት። በመጨረሻ ሚዶዋን በጉያዋ ይዛ ሄደች።

ሩቅያ በደስታ ተቀብላ መደብ ላይ አስቀመጠቻት። እትዬ ሐዋ እንዝርታቸውን ይዘው ወጡ። ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ላንቺ ብዬ ነው፣ እህቴ። አፌ ይቆረጥ፤ ይቅር በይኝ» አለች ደብሪቱ።

«አውቃለሁ። ይቅር ብዬሻለሁ።»

ደብሪቱ እፎይ አለች። ሚዶዋን አወጣች። «እንግዲያው በሩን ዝጊውና ቁጭ በይ፤ ተፈታትቶ ይሆናል።»

ሩቅያ በሩን ዘጋችው። መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እጇንም ወደ ሻሹ ሰደደች። ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ አጠበቀችና «ልጆችሽ ደኅና ናቸው?» አለቻት።