ከጋሽ ሀብቴ ጋር በጋራ የገዛነው የተራራ ስኖሞቢል

ጋሽ ሀብተማርያም ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት እዚህ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ፣ ሆስፒታል በተኙበት በልብ ሕመም አርፈዋል። የተቀበሩት ሐሙስ ነው። እኔ የሰማሁት ረቡዕ በምሳ ሰዓት፣ ፍሪድሊ ከተማ አብረን በምንሠራበት የብረታ ብረት ፋብሪካ፣ ከአሜሪካዊው አለቃችን ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ጎን ለጎን የሠራኋቸው፣ ልጆቼ እንደ አያት የሚያዩአቸው ሰው ሲሞቱ ደውሎ የሚያረዳኝ ሐበሻ አልነበረም። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። እሳቸው ኤርትራዊ ነበሩ፣ እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ አገሮቻችን ጦርነት ከገጠሙ ወዲህ እዚህም በእኛና በእነሱ መካከል ስልክ ቆሟል።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ፈራ ተባ እያልኩ ነው። በዚያ ወገንም በዚህ ወገንም ጋሽ ሀብቴን ለምታውቁ ሁሉ ነው የምጽፈው። የሚቆጣ ካለ ይቆጣ። ይህን ማለት ለእኔ ቀላል እንዳልሆነ የሚያውቁኝ ያውቃሉ፤ እኔ ሰይድ ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ።

ጋሽ ሀብቴ አስመራ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ተምረው ያደጉ፣ አማርኛን ከብዙዎቻችን አሳምረው የሚጽፉ ሰው ነበሩ። ፋብሪካው ስገባ ከእሳቸው ማሽን ቀጥሎ መደቡኝ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሣጥን ሙሉ የብረት ቱቦ ከልኩ አሳጥሬ ቆረጥኩ። እንደሚያባርሩኝ እርግጠኛ ስለነበርኩ፣ ለባለቤቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ማሰብ ሁሉ ጀምሬ ነበር። ጋሽ ሀብቴ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አንዱን ቱቦ ለኩ፣ ሌላውን ለኩ፣ ሣጥኑን እስኪጨርሱ ለኩ። «ግማሹ እኮ ደህና ነው። ሳትለካ ለሁሉም አለቀስክላቸው» አሉኝ። የሥራ ፈረቃቸው ካለቀ በኋላ ቀርተው በተበላሹት ምትክ አዲስ ቆረጡልኝ። አለቃው ሲጠይቅም «ማሽኑን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ» አሉት። እውነቱ ግን በተሳሳተ ልክ ያስተካከልኩት እኔ ሰይድ ነበርኩ።

ስኖሞቢሉን የገዛነው ጦርነቱ ከመምጣቱ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብለን ነው። አይታችሁ ለማታውቁ፣ ከፊት ሁለት መንሸራተቻ ሰሌዳ፣ ከሥር የሚሽከረከር ሰፊ የጎማ ሰንሰለት ያለው፣ በረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር ነው። የፋብሪካው ሰዎች ሰኞ ሰኞ ስለዚህ ሞተር ሳያወሩ ሥራ አይጀምሩም። ጋሽ ሀብቴ አንድ ቀን «በረዶውን ስድስት ወር በመስኮት ከማየው ልነዳበት ነው። ግማሽ በግማሽ እንግባ?» አሉኝ። እምቢ ማለት ስለምፈራ እሺ አልኩ።

መደብሩ ውስጥ ሻጩ ለሐይቅና ለሜዳ የሚሆኑትን ሊያሳየን ሲሞክር፣ እሳቸው አልፈዋቸው ሄደው ሰንሰለቱ ከሁሉ የሚረዝመው ዘንድ ቆሙ። «እሱ የተራራ ነው። የት ልትነዱት ነው?» አለ ሻጩ። ጋሽ ሀብቴ ኮታቸውን አስተካክለው «እኔ የአስመራ ሰው ነኝ፣ እሱ ደግሞ የደሴ። ሁለታችንም የተራራ ሰዎች ነን» አሉት። ሻጩ ወደ እኔ ሲያይ እኔ ወለሉን አየሁ። በሚኒሶታ ተራራ እንደሌለ ሦስታችንም እናውቅ ነበር። ወረቀቱ ላይ የሁለታችንም ስም ሰፍሮ ወጣን።

የመጀመሪያው ቀን ሐይቁ ዳር ስንደርስ ከመኪናው አልወርድም አልኩ። እሳቸው በየሃያ እርምጃው በረዶውን በእጅ መሰርሰሪያ እየበሱ፣ ብረት ማስመሪያ እየሰደዱ ውፍረቱን ለኩ። ተመልሰው መጥተው የመኪናዬን በር ከፈቱና «መጀመሪያ እንለካ፣ ከዚያ እንፈራለን። ለክቼዋለሁ፤ ና» አሉኝ። ከኋላቸው ተቀምጬ ጃኬታቸውን በሁለት እጄ ጨምድጄ፣ የማውቀውን ቁርዓን ሁሉ እየቀራሁ ሄድን። የሐይቁ መካከል ስንደርስ የሞተሩ ቀይ መብራት በራ። ቆምን። ከሥራችን በረዶው ድምፅ እያሰማ ይሰነጠቃል፤ እኔ እዚያው የምንሞት መሰለኝ።

ቀዳዳ በስተው ዓሣ የሚያጠምዱ አንድ ሽማግሌ ቀስ እያሉ መጥተው ሞተሩን ዞረው አዩት። «ይሄ እኮ የተራራ ነው። ሞተሩን የሚያበርደው ሰንሰለቱ እየረጨ የሚያለብሰው ልል በረዶ ነው። እዚህ ንፋሱ ጠርጎ ወስዶታል» አሉን። ጋሽ ሀብቴ እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ መላውን አገኘነው፦ አሥር ደቂቃ እንነዳለን፣ ቀዩ መብራት ሲበራ ቆመን በአካፋ በረዶ እናለብሰዋለን፣ እስኪበርድ ተቀምጠን እንጠብቃለን። ጋሽ ሀብቴን ያወቅኋቸው በነዚያ የጥበቃ ደቂቃዎች ነው። ስለ ሟች ወንድማቸው፣ ስለ ልባቸው መድኃኒት፣ በእንግሊዝኛ ስለሚመልሱላቸው ልጆቻቸው የነገሩኝ ሁሉ ሐይቅ ላይ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ፋብሪካ ውስጥ ማንም ሳያዘን በተለያየ ጠረጴዛ መብላት ጀመርን። ሞተሩ እሳቸው ጋራዥ ውስጥ ነበር፤ እኔ በጋውን ሙሉ የማስበው እሱን ነው። ሰው ጋራዣቸው ገብቶ ወረቀቱ ላይ ስሜን ቢያይስ? እሳቸው መጥተህ ውሰድ ቢሉኝስ? አንድ ቀን ሌክ ስትሪት በሚባለው ጎዳና ያለ የአገራችን ሰው ሱቅ ውስጥ ሥጋ እየገዛሁ፣ ከኋላዬ የቆመ ሰው «ከዚያ ሰውዬ ጋር አሁንም አብረህ ነህ አሉ፤ ሞተር በሽርክና አላችሁ አሉ» አለኝ። ባለሱቁም ቢላዋውን አስቀምጦ አየኝ። «ድርሻዬን ሸጬለታለሁ። ከሱ ጋር ምንም የለኝም» አልኩ። እሳቸው ማለት ትቼ እሱ እያልኩ ነው የጠራኋቸው። ሥጋዬን ይዤ ወጣሁና መኪናዬ ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ።

ወሬው ጋሽ ሀብቴ ዘንድ እንደሚደርስ አውቅ ነበር። በየቀኑ ማሽናቸውን አቁመው ወደ እኔ ሲዞሩ፣ ዛሬ ሊጠይቁኝ ነው እያልኩ የለካሁትን ቱቦ መልሼ እለካ ነበር። አልጠየቁኝም። በረዶ ሲወርድ አጠገቤ መጥተው «ቅዳሜ ሐይቁን እለካለሁ። ትመጣለህ ወይስ ልጅህ ታሞብሃል?» አሉኝ። ማምለጫውን እንኳ ራሳቸው አዘጋጅተው ሰጡኝ። ሄድኩ።

ቀዩ መብራት በራና ቆምን። የወንድማቸው ልጅ ግንባር መዝመቱን ነገሩኝ። የእኔም የእህቴ ልጅ ማሠልጠኛ መግባቱን ነገርኳቸው። አካፋውን በረዶው ላይ ተከሉና «እንግዲህ አንድ ቦታ ይልኳቸው ይሆናል» አሉ። ያኔ ሱቅ ውስጥ ሸጥኩ ስላልኩት ግማሽ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣም። እሳቸው ሞተሩን በእጃቸው ዳሰው «በርዷል፣ እንሂድ» አሉ።

ሐሙስ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ደርሼ አንድ ሰዓት መኪና ውስጥ ተቀመጥኩ። ከውስጥ ያሉት ቢያስወጡኝስ? ከእኛ ሰዎች አንዱ ስገባ ቢያየኝስ? መጨረሻ ላይ ገብቼ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ብዙ ፊት ወደ እኔ ዞረ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተብርሃን በሰዉ መካከል አልፈው መጥተው እጄን ይዘው ቤተ ዘመድ ከተቀመጠበት አስቀመጡኝ።

ከቀብር በኋላ የነገሩኝን እንዳለ ልጻፈው። «ያኔ አንድ ሰው ቤታችን መጥቶ፣ ሰይድ ድርሻዬን ሸጥኩለት ብሏል፣ እውነት ነው? አለው። ሀብቴ፣ አዎ ሸጦልኛል አለ። ሰውዬው ሲወጣ ለምን ዋሸህ ብዬ ብጠይቀው፣ ሰይድ ፈርቶ ነው እንዲያ ያለው፤ እኔ ካስተባበልኩበት መግቢያ ያጣል አለኝ።» ከዚያ ከቦርሳቸው የሞተሩን የምዝገባ ወረቀት አወጡ። ጋሽ ሀብቴ ያሳደሱት ባለፈው ጥቅምት ነው። የሁለታችንም ስም አለበት።

ጋሽ ሀብቴ፣ ሐይቁ ላይ ያቃተኝን ዛሬ ሰው ሁሉ በሚያነበው ወረቀት ላይ እነግርዎታለሁ። አልሸጥኩም። ግማሹ የእኔ ነው፣ ግማሹ የእርስዎ ነው፤ የእርስዎንም ከወይዘሮ ለተብርሃን ጋር እጠብቀዋለሁ። በእኔ ውሸት ላይ የራስዎን ደርበው ለአንድ ዓመት ተኩል ሸፈኑኝ፤ እኔ ደግሞ ሳላመሰግንዎት ሄዱ። አሁንም እየፈራሁ ነው፣ ግን ጽፌዋለሁ። አፈሩ ይቅለልዎት፣ ጌታዬ። ያን ቀን ሱቅ ውስጥ ከዚያ ሰውዬ ጋር አሁንም አብረህ ነህ ወይ ስባል እውነተኛው መልሴ አዎ ነበር። ወዳጄ ነዎት።