ዳኜ የለፈፈው ቀብር

በ1988 ዓ.ም. የመካኒሳ ሰው ዳኜን የሚያውቀው በድምፁ ነበር። በከተማው ቴአትር አዳራሽ መኪና እየዞረ የሳምንቱን ትርዒት ይለፍፋል፤ ሸምሱ ይነዳል፣ እሱ ማይክሮፎን ይዞ ይጮኻል። ተዋናይ ሊሆን ገብቶ ለፋፊ ሆኖ ቀረ። በዚያ ዓመት ግን «የጋራ አማች» በሚባል ኮሜዲ ውስጥ የዘበኛ ቦታ ደረሰው። በር ይከፍታል፣ ይሰደባል፣ አጸፋውን ይመልሳል። ትንሽ ናት፤ ግን የራሱ ናት።

ለቴአትሩ ሰው አልመጣለትም። ሥራ አስኪያጁ ዳኜን ጠርቶ፣ «እሁድ በስምንት ሰዓት አዳራሹ ካልሞላ አወርደዋለሁ። ቀኑን የአዳራሹ ዘፋኞች ይወስዱታል» አለው።

ቅዳሜ ጠዋት ዳኜ በቀጥታ ወደ ገዛ ሰፈሩ፣ ወደ መካኒሳ አቦ አስነዳ። ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ የእድር ድንኳን እየተተከለ ነበር። ሸምሱ የማስታወቂያውን ሙዚቃ ካሴት አጠፋ። ባለወፍጮው ጋሽ ደገፋ አርፈዋል።

የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ኢታና መስኮቱ ድረስ መጡ።

«እግዜር ነው ያመጣህ። ጥሩምባ ነፊያችን ታሞ ተኝቷል። በል በመኪናህ ዙርልን።»

«ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው?»

«ነገ በስምንት።»

«ከቅዳሴ በኋላ፣ በአራት ሰዓት ቢሆንስ ጋሼ?»

«ልጆቹ ከጅማ እስኪገቡ ነው። ምነው፣ ቀጠሮ አለህ?»

«ቴአትር አለብኝ።»

«አንተ ቅር፤ ሌላው እድርተኛ አይቅር እንጂ። እናትህን ማን ቀበረና?»

የቀበራት ይኸው እድር ነው። ዳኜ ማይክሮፎኑን አነሳ።

ጉሮሮው ግን የሚያውቀው አንድ አጯጯህ ብቻ ነው። «የመካኒሳ ነዋሪዎች! ጋሽ ደገፋ አረፉ! ነገ እሁድ በስምንት ሰዓት!» ብሎ ለቀቀው። ሱቅ በር ላይ የቆሙ ጎረምሶች አጨበጨቡ።

«‹ጋሽ ደገፋ አረፉ›? ርእሱ አሪፍ ነው!»

«ዳኜ! መግቢያው ስንት ነው?»

ጎመን ሻጯ ብርነሽ ሳትስቅ አልቀረችም። «ኧረ አንተ ሰውዬ! ትናንት እህሌን የፈጩልኝን ሰው ትገድላለህ? ደግሞ በሰው ስም ይቀለዳል?»

ሸምሱ መኪናውን አቆመ። «ጋሼ፣ እንዲህ ከጮኽክ ማን ያምንሃል? እንደ ሰው ተናገር እንጂ።»

ዳኜ ባይታመን ለራሱ ይሻለው ነበር። ቀብር ያልሄደ ሰው ቴአትር ሊመጣ ይችላል፤ ለፍፍ የተባለውን እንደሆነ ለፍፏል። ጎረምሶቹ አሁንም ይስቃሉ። ማይክሮፎኑን ወንበሩ ላይ ጥሎ ወረደና ብርነሽ ፊት ቆመ።

«ብርነሽ፣ እውነቴን ነው። ዛሬ ጎህ ሲቀድ አረፉ።»

ብርነሽ ፊቱን አየችው። ከዚያ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና ጮኸች። ከጎረምሶቹ አንዱ ኮፍያውን አወለቀ።

ከዚያ ወዲያ ዳኜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቃላቱን እያዘገመ ሰፈሩን በሙሉ ዞረ። ማንም አልሳቀም። ስለ ቴአትሩ አንድ ቃል አልጨመረም። በአንድ አፍ ለቀብርም ለኮሜዲም አይጠራም።

እሁድ በስምንት ሰዓት የዘበኛ ካፖርት ለብሶ የመድረኩን በር ከፈተ። ከፊት ጥቂት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ያለው ሁሉ ባዶ ወንበር ነው። ተሰደበ፣ መለሰ፤ ጥቂቶቹ ሳቁለት። ሥራ አስኪያጁ ጥግ ቆሞ ቆየና ሳያልቅ ወጣ። መጋረጃው ሲዘጋ የዘፋኞቹ ማስታወቂያ አዳራሹ በር ላይ ተለጥፎ ነበር።

ዳኜ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ብርነሽ ታክሲ መውረጃው ላይ አገኘችው።

«እግዜር ይስጥህ። አቦ ቤተ ክርስቲያን መቆሚያ አልነበረም፣ ያን ያህል ሰው!»

«አውቃለሁ» አላት። «ከመድረክ ላይ ይታይ ነበር።»