ጭራው ባንዲራ የሆነበት ግድግዳ

ሰሞኑን ሮቤ ላይ ሳያባራ የከረመው ዝናብ የድሮ ትምህርት ቤቴን የግንብ አጥር ሲያጥበው፣ ቀይ ቀለሙ እየተንጠባጠበ ወደ ቦዩ ወረደ። ጃንጥላዬን ይዤ ቆሜ አየሁትና ብቻዬን ሳቅሁ። ሰዓሊውን ጋሼ ደምሴን ዛሬም ይቅር አላልኩትም።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ ትምህርት ቤቱ አብዮቱን አጥሩ ላይ እንዲስልልን ከጎባ አስመጣው። የጎባን ሥጋ ቤቶች ሰሌዳ የሳልኩ እኔ ነኝ እያለ ያደነቁረናል። ቀለሙን ለመቆጠብ ውሃ እየጨመረ፣ ጡጫ ያነሱ ሃያ ወንዶች ደረደረ። ሃያዎቹም የእሱን ጢም አብቅለዋል።

ገሰራ ለሚኖሩት አያቴ፣ ለአባባ ገመዳ፣ ነገርኳቸው። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ እሳቸው ወጣት ጭሰኛ ነበሩ።

«እጁን ያነሳ ሰው አላየሁም፣ ኢንተሎ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እያረስኩ ሳለሁ ጎረቤቴ ‹መሬቱ የእኛ ሆነ!› እያለ መጣ። ጉልበቴ ከዳኝ። እንዳልወድቅ የበሬዬን ጭራ ያዝኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በእርግጫ አለኝ።»

ጋሼ ደምሴ ምሳ ሲሄድ፣ ከሰልፈኞቹ ጫፍ በሬና ጭራውን የጨበጠ ገበሬ ሳልኩ፤ ለጣራ ተገዝቶ በተረፈ ጥቁር ቀለም። ወዲያው ደወልኩ፦ «አባባ፣ ግድግዳው ላይ ነዎት!»

ጋሼ ደምሴ ሲመለስ ጮኸ። «አብዮት ላይ ጭራ? ሰው ታሪክ ሲሠራ አንቺ ከብት ትነጂያለሽ?»

ልጆቹ ሳቁ። ዓይኔ እያየ በሬውን ቀይ ድንጋይ ስሎ ሸፈነው፣ ጭራውን ባንዲራ አደረገው፤ ለገበሬውም ጢም አበቀለለት። አንቱታውን ያን ቀን ተውኩት።

በወላጆች ቀን አባባ ኮታቸውን አሳጥበው በማለዳ መኪና መጡ። ሰዎቹን አንድ በአንድ ፈተሹ።

«የታለሁ?»

አፍሬ ጣቴን ቀሰርኩ። ወደ ጋሼ ደምሴ ዞሩ። «እኔ ባንዲራ አልያዝኩም።»

«አባቴ፣ እንዲህ ነው የሚያምርብዎት።»

«ማማሩን ማን ጠየቀህ? እዚያው ነበርኩ ነው የምልህ።»

ምሳ እንኳ ሳይቀምሱ ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። ውሃ የበዛበት ቀይ ታጥቦ ሲሄድ የእኔ የጣራ ቀለም አልበገር ብሏል፤ ጭራው ጥቁር ሆኖ ብቅ አለ። ጡጫ መሳልማ ድንች እንደ መሳል ነው። የሚከብደው የከዳ ጉልበት ነው፤ ለዚህ ይሆናል ሰዓሊዎች ዘለውት የሚያልፉት።

ሰኞ ጋሼ ደምሴ ሥዕሉን ሊያድስ ይመጣል አሉ። ለአባባ ደወልኩላቸው። ጭራው ብቅ ማለቱን ነገርኳቸው።

«በሬ ይዤ ልምጣ?»

«ይምጡ» አልኳቸው። «የሚራገጠውን ይዘው።»