ጡረታ የወጣ ግራ እግር

ከዲላ ወደ ገደብ የወሰደን ሾፌር ሃምሳን ያለፈ፣ ሸሚዙን አሳምሮ የተኮሰ ወሬኛ ሰው ነበር። ሃያ ዓመት ከሞያሌ አዲስ አበባ ተሳቢ ነድቷል። አሁን የያዘው የናፍጣ አውቶማቲክ የቤት መኪና ነው። ፍሪሲዮን መርገጥ የለመደ ግራ እግሩን መታ መታ እያደረገ፣ «ይኼ ጡረታ ወጥቷል» ይለናል።

ዱመርሶ ዳገት ላይ ቆመና በመስታወቱ ጸጉሩን አበጠረ።

«ተሳቢ ጭነት ይዞ እዚህ አይቆምም። እዚያ በር ላይ ለምትቀመጥ ሴት ክላክስ አድርጌ አልፍ ነበር፤ እሷም እጇን ታወዛውዝልኝ ነበር። ዛሬ ሰላም ልበላት፣ ትፈቅዱልኛላችሁ?»

ወርዶ አንኳኳ። የከፈተችው ሴት ትክ ብላ አየችው።

«ክላክሱ አንተ ነህ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ሰውዬው በተራው እጁን አወዛወዘላት። ከእኛም ቸኩለናል የሚል አልተገኘም።