ፎርጅዷን ካሴት ፍለጋ

ሰው ሁሉ ፎርጅድ ዕቃ እንዳይገዛ ሲጠነቀቅ፣ እኔ አንድ ክረምት ሙሉ ኦሪጅናል እንዳልገዛ ስጠነቀቅ ከረምኩ። የሚያውቁኝ ሰዎች እንደ ልማዴ ከሕዝብ ለመለየት ያደረግሁት መሰላቸው። አልፈርድባቸውም፤ ሰው ሁሉ የወደደውን መጽሐፍ ስጠላ፣ ሰው ሁሉ የጠላውን ሹም ስከላከል የኖርኩ ሰው ነኝ። የዚያን ክረምት ግን ክርክር አላማረኝም ነበር። እህቴ ልትመጣ ነበር።

እናታችን ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነበር። ከቀብሩ በኋላ እህቴ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች፤ እኔ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ባለው የወላጆቻችን ቤት ብቻዬን ቀረሁ። አልተጣላንም። ተጣልተን ቢሆን ሽማግሌ ገብቶ ቢያንስ ሦስተኛ ሰው ፊት እንነጋገር ነበር። እኛ ግን በበዓል በበዓል እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ ተባብለን ስልክ የምንዘጋ ሰዎች ሆንን። ቤቱ ለአንድ ሰው ይሰፋል። መጻሕፍቴን ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ እናቴ ክፍል እያዛወርኩ ሰው ያለበት ቤት ለማስመሰል ሞክሬአለሁ። መጽሐፍ ጥሩ ጓደኛ ነው የሚሉ ሰዎች፣ ቤታቸው ሲገቡ «ዛሬስ ምነው ዘገየህ» የሚላቸው ሰው ያላቸው ናቸው።

ሰኔ ላይ ደወለች። ስለ ሙት ዓመቱ፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ካህናቱ ተነጋገርን። ልትዘጋ ስትል፣

«ያቺ ካሴት አለች?» አለችኝ።

«የቷ?»

«የጌሟ ናታ። ሁለቱ ወታደሮች።»

«አለች» አልኳት።

«እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አንድ ቀን እጨምራለሁ እንግዲህ። እንጫወታታለን።»

አልነበረችም። እናቴ አንድ ቀን ልዋጭ የሚሉት ሰዎች በደጅ ሲያልፉ ጠርታ፣ ካሴቶቹን ከነካርቶናቸው ሰጥታ አረንጓዴ ሳፋ ተቀብላለች። መጫወቻው ራሱ ሬዲዮ መስሏት ቁም ሳጥን ላይ ተርፏል። ሳፋው ጥሩ ሳፋ ነበር፤ ግን እህቴን አንድ ቀን የሚያሳድር አልነበረም። ያለዚያ ካሴት ከእህቴ ጋር አንድ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠን ምን እንደምንል አስቤ አስቤ ምንም አልመጣልኝም።

ካሴቷን ያመጣት አባታችን ነው። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ለሥራ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ከውሎ አበሉ ቆጥቦ ቲቪ ጌም ይዞልን መጣ። አባታችን የቡና ጥራት መርማሪ ነበር። ሥራው ጆንያ እየወጋ ናሙና ማውጣት፣ ፍሬውን በመዳፉ መመዘን፣ በጥርሱ መንከስ ነበር። አንድ እፍኝ ቡና ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ይህ የሞላ ነው፣ ይህ ነቀዝ የበላው ነው ይላል። ነጋዴዎቹ ይፈሩት ነበር። ታዲያ አዲስ አበባ ላይ ሻጩ ካሴቶቹን ሲዘረጋለት አባታችን እንደ ቡና አንድ በአንድ በመዳፉ መዘናቸው፤ ከሁሉ የከበደችውንም መረጠ። ቤት ሲገባ «ሌሎቹ ባዶ ናቸው፤ ይህቺ ሞልታለች» ብሎ ለእህቴ ሰጣት። እህቴ ትልቋ ናትና።

ምን እንደሞላት ያወቅሁት ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ በዚያ ክረምት፣ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ ነው። አንድ ገጽ እስኪከፈት ጋዜጣ ተነቦ ያልቃል። የውጭ አገር ሰዎች ያገለገለ ካሴት ሲገዙ እንዳይታለሉ ረጃጅም ምክር ጽፈዋል። የኦሪጅናሏ ብሎን በተራ ካቻቢቴ አይፈታም፤ የፎርጅዷ በማንኛውም ይፈታል። የፎርጅዷ ስቲከር ቀለሙ የፈዘዘ ነው፣ ጠርዙም ቶሎ ይላቀቃል። ውስጧ ሲከፈት የረጋ ሬንጅ የምትመስል አንዲት ጥቁር ጠብታ ብቻ አለች። ሠሪዎቹ ሰው ክብደት እንደሚያምን ስለሚያውቁ፣ አንዳንዶቹ ውስጥ ሮንዴላ ወይም ቁራጭ ብረት በማስቲሽ ይለጥፋሉ። እዚህ ላይ ስደርስ ንባቤን አቋረጥኩ። የጅማን ነጋዴ ሁሉ ያንቀጠቀጠው መዳፍ የመዘነው ብረት ነበር።

ይህ ብቻ አይደለም። በኦሪጅናሏ ጨዋታ ሦስት ጊዜ ከሞትክ አበቃ። ካልሞትክም ደግሞ ጨዋታው መጨረሻ አለው፤ ጠላት ይሸነፋል፣ ፀሐይ ትወጣለች። የእኛዋ ግን የፈለግነውን ያህል ብንሞት ታስነሳናለች፤ ከበረዶው ተራራ አልፈን በሩ ላይ ስንደርስ ደግሞ ስክሪኑ ብልጭ ይልና መጀመሪያ ወዳለው ጫካ ትመልሰናለች። ሠሪዎቹ መጨረሻውን ቆርጠው ጥለውታል። እኛ ግን ጥፋቱ የእኛ መስሎን ነው ያደግነው። በተለይ እህቴ፣ አንድ ያላየነው ሌላ በር አለ ብላ ክረምቱን ሁሉ ስትፈልግ ትውል ነበር።

ስለዚህ ኦሪጅናሏን ብገዛላት እህቴ ሦስት ጊዜ ትሞትና፣ ይህቺማ ሌላ ናት ብላ ሻንጣዋን ታነሳለች። የውጭ አገር ሰዎቹ ያንን ሁሉ ምክር የጻፉት ሰው ኦሪጅናል እንዲገዛበት ነው፤ እኔ ገልብጬ አነበብኩት።

መጀመሪያ ጅማ መርካቶ ወዳለ ጌም ቤት ሄድኩ። ወጣቶቹ በዲስክ ኳስ ይጫወታሉ።

«ካሴት?» አለኝ አንደኛው። «ጋሼ፣ እሱን ሙዚየም ነው ሚጠይቁት።»

«ፎርጅድ ከሆነ ይሻለኛል።»

ተያዩ። «ኦሪጅናል አምጡልኝ ቢል እንኳ አንድ ነገር ነው» አለ ሌላው፣ ለእኔ ሳይሆን ለስክሪኑ።

ከዚያ ወደ ቡና ከተሞቹ ወጣሁ። በእኛ አገር የዕቃ ወቅት የቡና ወቅት ነው። ቡና በተሸጠ ሰሞን ቴፑ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ጌሙ በየቤቱ ይገባል፤ ሐምሌ ላይ፣ ቡናው ገና ዛፍ ላይ አረንጓዴ ሳለ፣ በገባበት በር ይወጣል። ሊሙ ገነት ሄጄ ጭቃ ጠግቤ ተመለስኩ። አጋሮ ላይ ግን ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሬዲዮ የሚጠግኑ፣ የሰው ዕቃም ተቀብለው የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ እንዳሉ ተነገረኝ። ሐጂ ይሏቸዋል።

«ግባ ከዝናቡ» አሉኝ፤ ካሴት ስላቸው ከመደርደሪያው ሥር አንድ ካርቶን ጎትተው አወጡ። ሁለት ክምር አድርገው ይደረድሩ ጀመር። እያንዳንዷን በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ እያደረጉ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ያስቀምጣሉ። አባቴን ያየሁ መሰለኝ።

«ይህቺን ያዛት» አሉ። «ሜ፣ እስቲ ያዛት። ትከብዳለች አይደል? ኦሪጅናል ይህቺ ናት።»

ስቲከሯ ላይ ሁለት ወታደሮች ጎን ለጎን ይሮጣሉ። ጠርዟ ተላቋል። ብሎኗ ተራ ብሎን ነው። ካቻቢቴዬን ከኪሴ አወጣሁ።

እጃቸውን ካሴቷ ላይ ጫኑ። «ምን ልትሆን ነው?»

«ፈትቼ ውስጧን ልይ ብዬ ነው፣ ሐጂ።»

«የሰው ዕቃ?»

«ቡናስ ጆንያው ይወጋ የለም እንዴ?»

«ቡና ይወጋል። ቡና አፍ የለውማ። እኔ ግን ነግሬሃለሁ።»

ካቻቢቴውን መለስኩ። ሌላ መንገድ ልሞክር ብዬ፣ «ሐጂ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ እኔ የምፈልገው ፎርጅዱን ነው» አልኳቸው።

ሥራቸውን አቁመው አዩኝ። «ምን አልክ?»

«ፎርጅድ። ካለዎት።»

«ወላሂ ፎርጅድ ሸጬ አላውቅም። ረመዳን በር ላይ ቆሞ አሁን ላንተ ብዬ ልጀምር?» ትንሽ አሰቡና፣ «አስተማሪ ነህ?» አሉኝ።

«ጸሐፊ ነኝ።»

«ኤዬ» አሉ፣ ነገሩ ሁሉ እንደተገለጠላቸው። ግራ ወዳለው ክምር በአገጫቸው አሳዩኝ። «እንግዲያ ከእነዚህ ውሰድ። ቀላል ናቸው፤ ምናምን ናቸው። ገንዘብም አልቀበልህም።»

ግራ ካለው ክምር ሁለቱን ሦስቱን አነሳሁ። አንደኛዋ ስቲከሯ ያልተላቀቀ፣ ብሎኗ ተራ ካቻቢቴ የማይፈታው፣ ምክሩ ላይ የተጻፈው ሁሉ የተሟላላት ኦሪጅናል ነበረች። ምናልባት በሺህ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለችው እሷ ብቻ ትሆናለች። ቀላል ስለሆነች ከምናምን ጋር ተጥላለች።

በሕይወቴ ሰው ሲሳሳት አይቼ ዝም ብዬ አላውቅም። በለቅሶ ቤት ሰው አርሜአለሁ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ነገር ግን ሰውየው ሐቀኛ ናቸው፤ የከበዱት ሁሉ ፎርጅድ ናቸው ብላቸውና ቢያምኑኝ አንዷንም አይሸጡልኝም፤ ካላመኑኝ ደግሞ ሰድቤአቸው ወጣሁ ማለት ነው። በሁለቱም በኩል ካሴቷ አጋሮ ትቀራለች።

«ልክ ነዎት ሐጂ» አልኩ። «ኦሪጅናል ይህቺ ናት። እሷኑ ይስጡኝ።»

ሳልከራከር ከፍዬ ወጣሁ። «አየህ፣ እጅ አይሳሳትም» አሉኝ በሩ ድረስ ሸኝተውኝ። መኪና ውስጥ እስከ ጅማ ድረስ ካሴቷን በኮቴ ኪስ ይዤ፣ ለማን እንደምነግረው አሰብኩ። የሚያስቅ ታሪክ ነበር። የምነግረው ሰው ግን አልነበረም።

ሙት ዓመቱ በደንብ አለፈ። እህቴ እንግዳ ስታስተናግድ ዋለች፤ እኔ ከካህናቱ ጋር ተቀመጥኩ። በማግስቱ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ጎረቤት ብረት ድስቱን ወስዶ፣ ሁለታችን ሳሎን ውስጥ ቀረን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ስለ መንገዱ ጠየቅኋት። ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ። አለቀ።

ካሴቷን አምጥቼ ሰጠኋት። አላየቻትም፤ በመዳፏ ነው የመዘነቻት።

«እሷ ናት» አለች። «እንዴት ጠበቅሃት?»

«ቤት ውስጥ ነበረች።»

«አባባ መቼም አይሸወድም ነበር። ስንት ዓመቷ፣ ብልሽት የላት።»

ይህንን ዓረፍተ ነገር ሌላ ሰው ብሎት ቢሆን ሁለት ገጽ መልስ እጽፍበት ነበር። «አይሸወድም» አልኳት፤ ጌሙንም ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁ።

መጀመሪያ እጃችን ደንዝዞ ነበር፤ ወዲያው ተመለሰልን።

«ግራውን አንተ ያዝ። ግራውን። አሁንም ወደ ኋላ ትሸሻለህ?»

«ስልት ነው።»

«ፍርሃት ነው። አባባም ይልህ ነበር።»

ድልድዩን አለፍን። ፏፏቴው ላይ ሁለታችንም ደጋግመን ሞትን፤ ደጋግመን ተነሳን። በረዶው ጋ ስንደርስ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ፣

«እማዬ መጨረሻ ላይ ምን አለች?» አለችኝ።

ዓመት ሙሉ በስልክ ያልጠየቀችኝ ነው። እኔም ዓይኔን ሳላነሳ መለስኩላት። «ውሃ አለች። ከዚያ አንቺን ጠራች።»

«ስሜን?»

«ስምሽን።»

ሁለት ጠላት ተኩሳ ጣለች። ከዚያ ሌላ ጠየቀችኝ፤ ሌላም። ፊት ለፊት ተያይተን ቢሆን አንዱንም አንነጋገረውም ነበር። ተራራው ላይ በሩ ጋ ደረስን፤ ስክሪኑ ብልጭ አለና ጫካው ውስጥ ቆመን ተገኘን።

«ይኸው፣ አሁንም አመለጠን» አለች። «ሌላ በር አለ እኮ። በረዶው ላይ ነው ሳናየው የምናልፈው።»

«ይኖራል» አልኳት።

«እንደገና።»

እንደገና ጀመርን። ነገ እሄዳለሁ ያለችው ከነገ ወዲያ ሆነ። ያንን ቀን ግድግዳ ሁሉ ላይ እየተኮሰች በሩን ስትፈልግ ዋለች፤ እኔም ከኋላዋ እየተከተልኩ አብሬ ተኮስኩ። የሌለ በር እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰው ጎንህ ተቀምጦም ብቻህን መሆን እንደሚቻል ብዙ አንብቤ ነበር፤ ጆይስቲክ ይዤ ያየሁት ግን ያኔ ነው። ቢሆንም ለእሷ መንገር አልፈለግሁም። አንዴ ከነገርኳት የምትፈልገው ነገር የለም፤ የምትፈልገው ከሌለ ደግሞ መኪናው መናኸሪያ ቆሟል።

ሄደች። ጥቅምት ላይ፣ በዓልም ሳይሆን፣ ደወለች። ሥራ እንደበዛባት ነገረችኝ፤ ለገና እመጣ ይሆናል አለች። ልትዘጋ ስትል፣

«ብቻህን እንዳትጨርሳት» አለችኝ።

«አልጨርሳትም» አልኳት።

ለሰው ከገባኋቸው ቃሎች ሁሉ ለመጠበቅ ይህን ያህል የቀለለኝ የለም። ለገና አልመጣችም። እኔ ግን አንዳንድ እሑድ ከሰዓት እከፍታታለሁ፤ በረዶው ጋ ስደርስ ቆም እልና፣ ግድግዳው ላይ አንድ ሁለት ጊዜ እተኩሳለሁ።