በሱቁ ኢሜይል የተከፈተ ስልክ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቃል ሲጠፋኝ ታገሡኝ። ትናንት ታናሽ እህቴ ያገለገለ ስልክ ልትገዛ ስትነሳ «ምኑን ልየው?» አለችኝ። «መጀመሪያ በማን ኢሜይል እንደሚሠራ ጠይቂ» አልኳት። «ለምን?» ስትለኝ ግን ፊቴ ጋለ፤ ሳልመልስላት ወደ ጓዳ ገባሁ። መልሱን እዚህ ልጻፈው።

ያኔ አዲስ ከተማ፣ እትዬ ዘነበች ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ ልብስ ስፌት እሠራ ነበር። ስልኬን የገዛሁት ፒያሳ ካለ አንድ ሱቅ ነው። ስመርጥ መስታወቱ አለመሰንጠቁን አየሁ፤ ባትሪው ይቆይ እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ካሜራውን ሞከርኩ። ሻጩ «ኢሜይል አለሽ?» ሲለኝ ምን እንደሆነ ስላላወቅሁ አንገቴን ደፋሁ።

«ችግር የለም እህቴ፣ እኔ እከፍትልሻለሁ» አለ።

ደግ ሰው አገኘሁ ብዬ ለእትዬ ነገርኳቸው። እሳቸውም ከዚያው ገዙ።

በዚያ ክረምት ፀጉሬ ከኋላ ይረግፍ ጀመር። ሻሽ ሳላስር ከክፍሌ አልወጣም። አንድ ቀን በሬን ዘጋሁና ፊቴን ወደ መጋረጃው አዙሬ፣ ስልኩን ከኋላዬ ይዤ የተመለጠውን ቦታ ፎቶ አነሳሁት። መስታወት የማያሳየኝን ማየት ፈልጌ ነው።

እሑድ ካፊያው ሲያባራ ግቢ ውስጥ በቆሎ እንጠብስ ነበር። እትዬ የልጅ ልጃቸውን ፎቶ ሊያሳዩን ስልካቸውን ከፍተው «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ። ጎረቤቴ ብርቱካን ቀማቻቸው።

«ውይ! የተነጨ ዶሮ!»

ሁሉም ሳቀ። የኔ ራስ ነበር። እንዴት እዚያ እንደገባ አላወቅሁም፤ ከመደንገጤ የተነሳ እኔም ሳቅሁ፣ ያውም ከሁሉም ጮክ ብዬ። ዛሬ ድረስ ከመላጣው ይልቅ ያ ሳቅ ያሳፍረኛል።

እትዬ ስልኩን ተቀብለው ጠጋ አድርገው አዩት። ከራሴ ወዲያ የሚታየውን መጋረጃ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ወደ እኔ ግን ቀና አላሉም።

«ከኢንተርኔት የመጣ ነው። ብርቱካን፣ በቆሎው አረረ፤ አገላብጪው እንጂ!» ብለው ስልኩን ጉያቸው ከተቱት።

በማግስቱ «ተነሺ» ብለው ፒያሳ ይዘውኝ ሄዱ። ሻጩ ምንም አልደነገጠም።

«ኢሜይል ለሌለው ሁሉ በሱቁ ኢሜይል ነው የምከፍተው፣ እማማ። ፎቶው እዚያ ይጠራቀምና ለሁሉም ይታያል። እናንተ እንደሆነ ፓስወርድ ትረሳላችሁ።»

«አገሩን ሁሉ በአንድ ቁልፍ ቤት ታስገባለህ?» ብለው ጮኹበት። ሻጩ ፎቶዎቹን አጥፍቶ ለየብቻ ኢሜይል ከፈተልን። ስንት ሰው ቀድሞ እንዳየው ግን እሱም አያውቅም።

ፀጉሬ ቆይቶ መልሶ በቅሏል። እንደኔ ያለ ሰው ርካሽ ስልክ ሲፈልግ፣ ሌላ ሰው ሊያይበት የሚችል ምስጢር ያለው አይመስለውም። ስልኩ እጁ ከገባ በኋላ ነው ምስጢሩን የሚያውቀው። ይህን ለእህቴ በአፌ መናገር አቃተኝ፤ ታንብበው።

እትዬ ስለዚያ ነገር ያወሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከፒያሳ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ፣ ሾፌሩ እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

«አንቺ ልጅ፣ እኔም የወለቀ ጥርሴን ፎቶ ያነሳሁት ነበረ። አይተሽው ከሆነ አላየሽም። እኔም አላየሁም።»